ሶፋውን ሂድ በለው!

ልጁ ለጥር ሠርግ ከአዲስ አበባ ዋግ፣ ሰቆጣ የገባው የሥዕል አሰቃቀል ሕግ በስልኩ ጭኖ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የሥዕሉ ወገብ ከወለሉ 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይዋል፣ በቆመ ሰው ዓይን ልክ። የፈረንጅ ሙዚየሞችም በዚሁ ነው የሚሰቅሉት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን የቤቱን ባለቤት እትዬን አያውቋቸውም።

«እትዬ፣ ሥዕሎቹ ጣራ ሊነኩ ነው፤ ዝቅ ይበሉ።»

«ማን ዝቅ ትበል? እመቤታችን?»

«በዓይን ልክ ይሁን ማለቴ ነው።»

«በማን ዓይን? ቤቴ ገብቶ የሚቆም ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው። ሌላው መደብ ላይ ይቀመጣል።»

እዚህ ላይ ፍርዱ ለእትዬ ነው። ሙዚየም የሚዞሩበት ነው፤ የዋግ ቤት የሚቀመጡበት። ክፈፎቹ ከላይ በረዘም ያለ ክር ታስረው አንገታቸውን ወደ ፊት ደፋ ያደረጉትም ያለ ነገር አይደለም። ብርሃኑ የሚገባው በበር ነው፤ መስተዋቱን ቀጥ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት የምታዩት ሥዕሉን ሳይሆን በሩን ነው። ደፋ ሲል ግን መደብ ላይ ካለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።

ልጁ ሚስማር አነሳ። የሰቆጣ ነባር ቤት ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ነው፤ ድንጋዩን ያገኘ ሚስማር ይቆለመማል፣ ጭቃውን ያገኘ እስከ ማታ ይቆያል። ይህን የሚያውቁ የጥንት ግንበኞች ግድግዳው ሲነሣ የበሬ ቀንድ አብረው ይቀብሩ ነበር፤ መስቀያው ከሥዕሉ በፊት ተወለደ ማለት ነው።

«ቀንዱ መሃል ላይ አይደለም፣ እትዬ።»

«በሬው ሙዚየም አልገባማ!»

«ክፈፉም ተንጋዷል።»

«እሱ ቀጥ ብሏል፤ የተንጋደደው ግድግዳው ነው።»

«ቀለሙም ከሶፋው ጋር አይሄድም።»

«ሶፋውን ሂድ በለው!»

«ይሄ ካላንደር እኮ የ2009 ነው፤ ዘመኑ አልፏል።»

«ገብርኤል ያለበት ነው። ገብርኤል አለፈበት?»

በአጎቱ ልጅ የፎቶ ቤት ምስል ላይ ከጀርባ የሚወርደውን ፏፏቴ አይቶ ደግሞ ሳቀ። «ይሄ ፏፏቴ የት ነው ያለው?»

«ፎቶ ቤት። በበጋ ውሃ የማይጠፋው እዚያ ብቻ ነው።»

ቀጥሎ አደራደር መጣ። በመጠን ይሰለፉ፣ ትልቁ ከመሃል፣ ትንንሾቹ ከዳር አለ።

«በመጠንማ ከሆነ የአንተ የምርቃት ፎቶ ከቅዱስ ሚካኤል ይበልጣል። እንግዲህ በሩን አንተ ጠብቅ!»

ሴትዮዋ አደራደሩን ያገኙት ከቤተ ክርስቲያን ነው። በክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይሣላሉ። የእትዬ ሚካኤልም በር አጠገብ ነው፤ እመቤታችን ከላይ፣ በመጋረጃዋ ውስጥ። የሰው ፎቶ ከሥር፣ አያት ቀድሞ፣ ምሩቅ ተከትሎ። ምሩቅ በዕድሜ እንጂ በዲግሪ አይሰለፍም።

በአንድ ነገር ግን ልጁ እውነት አለው። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሥዕል ከጥላሸት አያመልጥም። የአያቱ ፎቶ ፊቱ ጠፍቶ ባርኔጣው ብቻ ቀርቷል። ይህንንም ነገራቸው።

«ቤተ ክርስቲያን ያሉትንስ ዕጣንና ጧፍ አላጠቆራቸውም? ሄደህ ቄሱን አውርዷቸው በል!»

መልስ ሆነና አፉን አስዘጋው እንጂ የአያትን ፊት አይመልስም። የእኔ ፍርድ፦ ማብሰያው በሌላ ክፍል ይሁን።

ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ ሻንጣውን ከፈተና ከቸርችል ጎዳና የገዛላቸውን ስጦታ ዘረጋ፤ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ፣ በአንድ ጨርቅ ላይ 44 ሥዕል፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ። እትዬ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው እየተከተሉ ወረዱ። ቅመም የበዛበት ግብዣ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ንግሥቲቱ በሌሊት ተጠምታ ውሃ ስታነሣ፣ ንጉሡ ‹መሐላሽን አፈረስሽ› ብሎ ሲይዛት አዩ።

«ጠቅልለው።»

«ምነው እትዬ? ንጉሥ እኮ ነው!»

«ንጉሥስ ቢሆን? የዋግ ገዥ፣ ዋግ ሹም፣ በንጉሥ ፊት በወንበር ይቀመጥበት የነበረ አገር ነው ያለኸው። በአንድ ዋንጫ ውሃ እንግዳ የሚይዝ ሰው ከዚህ ቤት አይሰቀልም!»