በነፃ ነው አሉን

ሲልቨር ስፕሪንግ የጽዳት ድርጅት የከፈተ ወገናችን የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ቢሮ ልወልውል ብሎ ጨረታ ቢያምረው፣ መጥረጊያውን ከማንሳቱ በፊት ሳም ዶት ጎቭ (SAM.gov) በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በነፃ ነው። የሚያስከፍለው ዕድሜ ብቻ ነው።

ድሮ ለዚህ ምዝገባ የሚያስፈልገው ባለ 9 አሃዝ የድርጅት መለያ፣ «ዳንስ» (DUNS) የሚሉት ቁጥር፣ ከግል ኩባንያ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግን መንግሥት ራሱ ባለ 12 ሆሄ መለያ ይሰጣል። እሰየው፣ 3 ተመረቀልን! መጀመሪያ ግን ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩ ይጣራል፤ ስሙና አድራሻው ከማስረጃው ጋር መግጠም አለበት። የአባቱን ስም ለድርጅቱ ያወጣ ሐበሻ፣ አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ «ኢ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኢ» ተጽፎለት ከሆነ እግዜር ይሁነው።

ይህን ካለፈ ደግሞ የመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ባለ 5 ሆሄ ኮድ ይመድብለታል። መወልወያም እኮ በደንብ ካልያዙት መሣሪያ ነው።

መቼም በአገልግሎት ፍጥነት የሚታማ አይጠፋም፤ ደላሎቹ ግን አይታሙም። ገና ስሙ መዝገብ ላይ ከመውጣቱ ስልኩ ያቃጭላል፤ «ምዝገባዎ ሊቃጠል ነው፣ ይክፈሉ!» እውነት ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። እድሳቱም ግን በነፃ ነው። ስለዚህ ወገኔ፣ ገንዘብ ከጠየቁህ ስልኩን ዝጋባቸው፤ እርዳታ ከፈለግህ ስለ መንግሥት ጨረታ የሚያማክሩትን የአፔክስ አክሰለሬተር ቢሮዎች ጠይቅ፤ አብዛኛው ምክራቸው አያስከፍልም።