የቆመ ማራገቢያ አንድምታ

ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ኮምፒውተር በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ምስል ነጥብ በነጥብ እያሰላ የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ሰሌዳ ሲሆን፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ከተሰደሩት ክፍሎች መካከል ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ የሆነውና ባለቤቱ ከቁም ነገር የማይቆጥረው ማራገቢያው፣ በጠጋኞች አነጋገር ፋኑ፣ ነው። በደህናው ቀን ስለ ፋን የሚያወራ ሰው አይገኝም፤ የካርዱ ባለቤት ስለ ሜሞሪው ብዛትና ስለ ምስሉ ጥራት ለወዳጆቹ ሲተርክ አምሽቶ ፋኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሣ ይለያቸዋል። ፋኑ የቆመ ዕለት ግን ያ ሁሉ ትረካ ይቋረጥና፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር የወጣበት ካርድ የአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ጥገኛ እንደነበረ ይታወቃል።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውና የስሪዲ ጨዋታን ወደ ብዙ ቤት ያስገባው የስሪዲኤፍኤክስ ኩባንያ ቩዱ ካርድ፣ ማራገቢያ ቀርቶ ሙቀት የሚበትን ብረት እንኳ ሳይለብስ ራቁቱን ይሠራ ነበር። የካርዶቹ ጉልበት እየጨመረ ሲሄድ የሚበሉት ኤሌክትሪክም አብሮ ጨመረ፤ ካርድ የበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ የሚወጣ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ብረቱ፣ ቀጥሎም ፋኑ የግድ ሆኑ። በ2003 የቀረበው የኤንቪዲያ ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ፋኑ ከመጮኹ የተነሣ ገምጋሚዎች በእጅ ከሚያዝ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ጋር አንድ አድርገው ሲቀልዱበት፣ ኩባንያው ራሱ ካርዱ የረገፈ ቅጠል በአየር ሲጠርግ የሚታይበት ፊልም ሠርቶ በገዛ ዕቃው ላይ እስከ መሣቅ ደርሷል። በ2022 የመጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ እስከ 450 ዋት ድረስ የሚወስድ ሲሆን፣ ይህን ያህል ሙቀት ያለ ማራገቢያ ይሸኝ ማለት ካርዱን በምጣድ ላይ ከማስቀመጥ አይለይም።

ፋኑ ቆሟል ለሚለው አጭር ንባብ የቤቱ ሰው ሁሉ ትርጓሜ አያጣለትም። አንድምታ፣ ማለትም አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየፈርጁ የመተርጎም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስልት፣ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ባይሆንም ሳይጠሩት ከተፍ ይላል። አንድም ካርዱ ተቃጥሏል ይላል ታናሽ ወንድም፣ አዲስ ይገዛል የሚል ተስፋ አድሮበት፤ አንድም ቫይረስ ገብቶበታል ይላል ኮምፒውተር ያውቃል የሚባለው የአጎት ልጅ፣ መድኃኒቱም ፎርማት ማድረግ ብቻ መሆኑን አክሎ፤ አንድም ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈጡበት እያደሩ ደክሞት ነው ይላሉ እናት፣ በትርጓሜያቸው ውስጥ ተግሣጽ መኖሩን ሳይሸሽጉ። ፎርማት ማድረግ ሲባል በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ሲሆን፣ ይህ መድኃኒት ለማንኛውም የኮምፒውተር ሕመም ሳይመረመር የሚታዘዝ ከመሆኑ በቀር፣ ከቆመ ፋን ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም።

ከሦስቱ ተርጓሚዎች ለእውነት የቀረቡት እናት ናቸው። የጩኸቱ ወቀሳ የበዛባቸው አምራቾች ከ2014 ገደማ ጀምሮ ብዙ ካርዶቻቸውን ሲሠሩ፣ ሥራ በቀለለና የካርዱ ሙቀት ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ጊዜ ፋኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንዲያርፍ፣ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ በራሱ ተነሥቶ እንዲዞር አድርገዋል። በመሆኑም ደብዳቤ እየጻፈ ወደ ኬዙ ውስጥ አጮልቆ ፋኑ እንደማይዞር ያየ ሰው ያየው በሽታ ሳይሆን ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ፋን ሲጮኽ በጩኸቱ የተማረረው የሰው ልጅ ዝም ሲል ደግሞ በዝምታው ደንግጦ ካቻቢቴ ማንሣቱ፣ ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው፣ ለአምራቾቹ ሐዘኔታን የሚያሳድር ነው። ዕረፍቱን ከሞቱ ለመለየት ጂፒዩ-ዚ ወይም አፍተርበርነር በመሳሰለ ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን እያነበቡ ካርዱን በከባድ ጨዋታ ማሠራት ይበቃል። ሙቀቱ 70 ዲግሪን አልፎ ሽቅብ እየሄደ ፋኑ ንቅንቅ ካላለ ግን የእናት ትርጓሜም አይሠራም፤ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጨዋታው ይንቀረፈፋል፣ በመጨረሻም ስክሪኑ ጠፍቶ ባለቤቱ ጨለማ ላይ ያፈጣል።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ አንዲት ጣት ብቻ የምትጠይቅ ስትሆን፣ እርሷም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ የፋኑን ክንፍ ቀስ ብሎ መግፋት ናት። ፋን የሚዞረው ብሩሽ በሌለው ሞተር ነው፤ የማይንቀሳቀሱት የመዳብ ጥቅሎች ተራ በተራ ማግኔት እየሆኑ በክንፎቹ እምብርት የተቀመጠውን ማግኔት ይስባሉ፣ ከካርዱ ከሚመጡት አራት ሽቦዎች ሁለቱ የ12 ቮልት ኃይሉን ያደርሳሉ፣ ሦስተኛው ፋኑ በዞረ ቁጥር ሁለት ሁለት ምት እየላከ ፍጥነቱን ያሳውቃል፣ አራተኛው ፍጠን ወይም ቀስ በል የሚለውን ትእዛዝ ያመጣል። እንግዲህ ጣት የነካችው ክንፍ ያለ ችግር ዞሮ ዞሮ ቀስ እያለ የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው ደህና ነውና ጥፋቱ የሚፈለገው ከሽቦው፣ ከመሰኪያው ወይም ከሞተሩ ነው፤ ክንፉ እየተንገታገተ ወዲያው የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቅባቱ ደርቋል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በኬዙ ውስጥ የተንጠለጠለ አንድ ገመድ ከክንፎቹ መካከል ገብቶ እንደሆነ ማየት ይገባል፤ ይህ ምክንያት ከመቅለሉ የተነሣ ራሱን ጠጋኝ ያደረገ ሰው ሁሉ ካርዱን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቶ ሳያበቃ አይደርስበትም።

አቧራውን በተመለከተ ብዙ የሚባል አለ። በአፍ እፍ ማለት ከአቧራው ይልቅ ምራቅ ያደርሳል፤ ካርዱን አንጠልጥሎ ወደ ጎሚስታ ሄዶ የጎማ መንፊያውን አየር ማስለቀቅ ደግሞ በጉልበቱ ባይታማም፣ በኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ አብሮ ሊረጭ ይችላል። በምንም ዓይነት አየር ቢነፋ ክንፎቹን በጣት መያዝ ግዴታ ሲሆን፣ ምክንያቱም በኃይል የተነፋ ፋን ኩሽኔታው ከሚችለው በላይ ይፈጥናል፣ ሞተሩም በግዱ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ካርዱ ኤሌክትሪክ ሊመልስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አቧራው ብቻ አይደለም ችግሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ እኩል ጊዜ እየዞረ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፣ የአየሩም ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት የሚያካክሰው በከፊል ነው።

ቅባት ለደረቀበት ፋን መድኃኒቱ ዘይት ነው፤ ጥያቄው የምን ዘይት የሚለው ነው። በብዙ ርካሽ ፋኖች ውስጥ ዘንጉ በኳሶች ላይ ሳይሆን ዘይት በጠጣ ቀለበት ውስጥ ስለሚዞር፣ በፋኑ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት በጥንቃቄ ላጥ አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ማንጠብጠብ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይመልሳል። ለዚህ የሚስማማው የስፌት መኪና ዘይት ስለሆነ ከሠፈሩ ልብስ ሰፊ ተለምኖ ይገኛል፤ ልብስ ሰፊውም ለኮምፒውተር መሆኑን ሲሰማ ከዚያ በኋላ ደንበኛውን በትንሽ ጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም። ከማድ ቤት የሚመጣ ዘይት ግን፣ ይልቁንም የኑግ ዘይት፣ አየር ሲያገኘው እየወፈረ ወደ ሙጫነት የሚሄድ በመሆኑ ለጥቂት ቀን ያዞርና ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ያስራል። ቅቤም ለሰው አናት እንጂ ለፋን እምብርት አልታዘዘም። ዘይት የነካው ወረቀት ዳግመኛ ስለማይጣበቅ ዙሪያውን በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል፤ ዘይት በበዛ ቁጥር የሚበጅ የሚመስለው ሰው ደግሞ ፋኑ በተነሣ ጊዜ ትርፉ በክንፎቹ ተወርውሮ በማዘርቦርዱ ላይ ሲያርፍ ያያል።

ዘይቱ ካልሠራ ፋኑን መቀየር ይቀራል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ካበቃ ወዲህ፣ ሌት ተቀን ሲዞሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ስለ ወጡ፣ ቺፑ ጤነኛ ሆኖ ፋኑ ያለቀ ካርድ ማግኘት ብርቅ አይደለም። አዲሱን ፋን በካርዱ ስም ብቻ ማዘዝ ስሕተት ነው፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ካርዶች በተለያየ አምራች ሲሠሩ የፋኑ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀትና መሰኪያው ስለሚለያይ፣ በፋኑ እምብርት ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ማንበብ ግድ ይላል። ለማንበብ ደግሞ ፋኑን መፍታት፣ አንዳንዱን ለመፍታት ሙቀት አስወጪውን ብረት ማንሣት፣ ብረቱ ከተነሣ ደግሞ በቺፑና በብረቱ መካከል ሙቀት የሚያሻግረውን ቴርማል ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት ይከተላል።

ልኩ የሆነ ፋን ሳይገኝ ሲቀር ጠጋኞች የሚወስዱት አንድ እርምጃ አለ፤ እርሱም የካርዱን የፕላስቲክ ሽፋን ከነፋኖቹ አውልቆ ማስቀመጥና 92 ወይም 120 ሚሊሜትር የሆኑ ተራ የኬዝ ፋኖችን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር ጠፍሮ ማሰር ነው። መልኩን ያየ ሁሉ ፊቱን ያዞራል እንጂ፣ ትልልቆቹ ፋኖች ቀስ ብለው እየዞሩ ብዙ አየር ስለሚያንቀሳቅሱ ካርዱ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ቀዝቅዞና ጸጥ ብሎ የሚሠራበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ የሚዘነጋው ነገር፣ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ የተሰካ ፋን በተለምዶ የሚታዘዘው በፕሮሰሰሩ ሙቀት መሆኑ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ይሮጣል፣ አጠገቡ ካርዱ ሲነድ ግን ያንቀላፋል። ስለዚህ ወይ ከካርዱ ትንሽ መሰኪያ ወደ ተራው ፋን መሰኪያ የሚያሻግር አጭር ገመድ ይፈለጋል፣ ወይም የካርዱን ሙቀት እያነበበ ፋኑን የሚያዝ ፕሮግራም ይጫናል። የኬዙ ጎን መስታወት ከሆነና እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ነገር ግን አየር እንዳይታፈን ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ።