ቅቤውና የጽዱ ላይ ዘፋኞች

እናቴ ለመስቀል ቅቤ አምጣ ብላ ሱባ አጠገብ ወደምትኖር ዘመዳችን ላከችኝ። ሥራው ይኸው ነው፤ ቡና ጠጥቶ፣ ሁለት ኪሎ ቅቤ ይዞ መመለስ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። እዚያ ድረስ ሄጄ ታዲያ መናገሻ ሱባን ሳላይ ልመለስ? አንጀቴ እንቢ አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ችግኝ ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን አስመጥተው ያስተከሉት ደን ነው ይባላል። ዘሩ ከወፍ ዋሻ የመጣ ደን ወፍ ቢበዛበት ምን ይገርማል?

ብዙም ሳልሄድ አንድ ዜማ ሰማሁ። እንዴት ልንገርህ ወዳጄ፤ መጀመሪያው እንደ ዋሽንት ጥርት ይልና መጨረሻው እንደተኛች ድመት ያንኮራፋል። ቀና ስል ራሷ ጥቁር፣ ገላዋ ደማቅ ቢጫ የሆነች ወፍ ዝግባው ላይ አየሁ። ይህ ድምፅ ከዚህ ውበት ካልወጣ ከየት ይወጣል አልኩና ተከተልኳት። እሷ ከዛፍ ዛፍ፣ እኔ አንገቴን ሰቅዬ፣ ኮቴዬን ረስቼ። አንዲት ግራጫ ወፍ ጽድ ላይ ፍሬ ስትለቅም ሁለት ሦስት ጊዜ አልፌያታለሁ፤ ዘወር ብዬም አላየኋት።

የዝናቡ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። የረጠበ ሥር ረገጥኩና በጀርባዬ ዘጭ! ቅቤው ላይ። ኮባው ተተረተረ፤ ቅቤው በቦርሳው ስፌት ወጥቶ ጃኬቴን አልፎ ሸሚዜ ደረሰ። የደን ጠባቂው ሽማግሌ ደርሰው አነሱኝ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«የምትዘፍነዋ ቢጫ ወፍ፣ አባቴ።»

«እሷ አይደለችም። ያቻትልህ፣ ግራጫዋ። ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላዋ ትቀበለዋለች።»

በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው አቢሲኒያን ካትበርድ ነበረች። ግንባሯ ነጣ ያለ፣ ከዓይኗ እስከ ምንቃሯ ጥቁር፣ ከጅራቷ ሥር ደግሞ የሸክላ ቀለም። ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች ሲባል እሰማ ነበር፤ አገሯ ይህ የደጋ ደን፣ ይህ ጽድና ሥሩ ያለው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ነው። ጽድ በተቆረጠ ቁጥር ምግቧም መጠለያዋም አብሮ እንደሚሄድ ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቤት ስደርስ እናቴ ቦርሳውን፣ ቀጥሎም እኔን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ እንዴት ነው የሚሉት?» አለችኝ። አፏጨሁላት። የወንዱን ጨረስኩት፤ የሴቷ ጋ ስደርስ ግን ትንፋሽ አጠረኝ።