አጋዘን በዱንጉዛ

ባሕር ማዶ ያለችው ታናሽ እህቴ ደውላ «ፓነል ልኬላችኋለሁ» ስትል፣ ካምባ ያለው የእናታችን ቤት እልል አለ። መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት ቤት ፓነል ማለት ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲጠጣ የሚውለው ሰሌዳ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እናቴ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ የሚያስረውን የጎረቤት ልጅ ሳይቀር አስቀድማ ተዋውላ ጠበቀችኝ።

ጥቅሉን አርባ ምንጭ ላይ ተቀብዬ ሽቅብ ስጓዝ ቅለቱ አሳስቦኝ ነበር። ተፈታ። ስድስት ቁራጭ ጨርቅ! ከፀሐይ ጋር የሚያዛምደው ነገር ቢኖር አንደኛው ላይ የታተመው ሱፍ አበባ ብቻ ነው። ጣሪያ ሊወጣ የመጣው ልጅ ጨርቁን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየኝ። የእጁን ግን ተቀብሎ ሄደ።

ለካስ እህቴ በዚያ በብርድ አገር ክረምቱን የምትገፋው ጨርቅ እየቀጣጠለች ብርድ ልብስ በመስፋት ኖሯል። ከላይ የተቀጣጠለው ጨርቅ፣ መሀል ሙሊት፣ ከሥር ገበር፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ እየወጉ መስፋት። ፓነል የሚሉት ደግሞ ሥዕሉ እየተደጋገመ የማይሄድ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ የታተመበት ቁራጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 60 በ110 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ልብ ብንል ዘመዱ ቤታችን ውስጥ ነበር፦ እናቴ አልጋ ላይ አፉን ከፍቶ ስንት ዓመት የተኛው ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ። የዛንዚባርና የሞምባሳ ሴቶች ካንጋም ከዚሁ ወገን ነው። ዙሪያውን ጠርዝ አለው፣ መሀሉን በራሳቸው ቋንቋ «ከተማ» ይሉታል፣ ከግርጌ አንድ መስመር አባባል ይታተምበታል። ጎረቤትን በአፍ ሳይናገሩ በወገብ መናገሪያ ነው። ካንጋ ብትልክልን ምንኛ በተግባባን!

እህቴ የላከችው ግን በረዶ ላይ የቆመ አጋዘን፣ አውራ ዶሮ፣ ለመርከብ የሚያበራ ማማ፣ ያ ሱፍ አበባ፣ ጺማሙ የገና አባት፣ እና 12 ትንንሽ ድመቶች የታተሙበት አንድ ቁራጭ ነው።

እናቴ ዓይኗ አጋዘኑ ላይ ቀረ። «ምን አጥፍቶ ነው በብርድ ያቆሙት?» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሽሮ ሜዳ ሸምነው አገራቸው የገቡት አጎቴ ተጠርተው መጡ። «ይሄ አጋዘን አይደለም» አሉ ገና ከበሩ። «የነጭ ሳር አጋዘን ቀንዱ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ነው። ማዜ ያለውም ቆርኬ እንዲህ አይደል። ይሄ አናቱ ላይ ግራር የበቀለበት ምንድነው?» ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው አዩት። ጀርባው ነጭ ነው። ጥለትን ከማጉ ጋር አብሮ ሲሠራ ለኖረ ሰው፣ ከፊት ብቻ ያለ ጌጥ ፊት ለፊት የሚያመሰግን ወዳጅ ማለት ነው። «ይሄ ፎቶ ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም» ብለው ፈረዱ።

ሥራውን ላስረዳቸው ብል ደግሞ አማርኛው ከዳኝ። ጨርቅ ቀጣጥሎ ለተሠራ ልብስ ያለን ስም ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ ስድብ ነው። እህቴ በስልክ «እዚህ እኮ ኤግዚቢሽን ያቀርቡበታል፣ ይሸለሙበታል» ስትል፣ እናቴ ስልኩን በእጇ ሸፍና «በድሪቶ ነው የሚሸለሙት?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሴቱ ፈትሎ ወንዱ ሸምኖ ባደረበት በጋሞ አገር፣ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ በሚለበስበት ቤት፣ መቀስ ይዤ ብቅ ማለቴ ከድፍረት ተቆጠረ።

«ሙሉውን ቆርጠሽ መልሰሽ ልትሰፊው?» አሉ አጎቴ። «ወረዳ መሰለሽ? ጋሞ ጎፋን በ2011 ቆርጠው ጋሞና ጎፋ አሉን፤ በ2015 ደግሞ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሰፍተው ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አሉን። ጨርቁን እንኳ ተዉልን እንጂ!»

ቢሆንም እጃቸው አላርፍ አለ። አጋዘኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በስንዝር ለኩት። «ጠማማ ነው።» ሜትር አመጣሁ፤ እውነትም ግራና ቀኙ በሁለት ሳንቲሜትር ይለያያል። በኋላ እህቴ እንደነገረችኝ የታተመ ፓነል አመሉ ነው፤ ኅትመቱ የድሩን መስመር ሳይጠብቅ ያርፋል። መድኃኒቱ ጨርቁን አርጠብ አድርጎ በአጠረው ሰያፍ ወዲያና ወዲህ መሳብ፣ ከዚያ መተኮስ ነው። እኔና አጎቴ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘን ተጓተትን። እናቴ የከሰል ካውያዋን አግላ መሀላችን ቆማ «ቀስ! እግሩን ትሰብሩታላችሁ!» ትላለች።

አንዴ ከተቃና በኋላ መቀሱን ፈቀዱልኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። አጋዘኑን ቁመቱን ተከትዬ በስድስት ቆረጥኩትና በየመሀሉ ዱንጉዛ ከሚባለው ከአገራችን ባለ ቀለም ሽመና ቅዳጅ አስገባሁ። አንድ ሥዕል ብቻ ይዞ ትልቅ አልጋ ለመሙላት ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላውቅም። ችግሩ የአጋዘኑ ወገብ ነው፤ ረዝሞ ረዝሞ አይሱዙ አከለ። አጎቴ ግን ዘወር ብለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ በመሀሉ ሲወርድ ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ዱንጉዛ ድሮ የተከበረ ሰው መለያ ነበር፤ ዛሬ ከረባትም ቦርሳም ኮፍያም ሆኗል። «እንግዲህ አጋዘንም ይልበሰው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆመን ጠፋ። ድመቶቹን አንድ በአንድ ቆርጬ እያንዳንዳቸውን በነጭ ክፈፍ ከበብኩና በአጋዘኑ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ አሰለፍኳቸው። ዶሮውና ሱፍ አበባው በትራስጌና በግርጌ ገቡ። የገናውን አባት የሚፈልገው አልተገኘም፤ ጺሙ ግን ሰፊና ነጭ ስለነበር ሸልቼ በረዶው ያነሰበት ቦታ ላይ ቀጠልኩት። አሁን ይህን በረዶ አይቶ ጺም ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣ። የመርከቡን ማማ እናቴ መቀስ አላስነካም ብላ ከበሩ በላይ ሰቀለችው። «አንድ መብራት እንኳ ይኑረን» አለች።

ለሙሊቱ እናቴ ጥጡን በደጋን ነድፋ ባዘቶ አዘጋጀች። ገበሩን አጎቴ ራሳቸው ሸመኑት፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ በጠርዙ ብቻ ቀጭን ጥለት የሄደበት። መጣጠፉንና መውጋቱን አልተርክም፤ ጣቶቼ ይመሰክራሉ።

ከዚያ አጠብነው። ዱንጉዛው ሳይቆረጥ ውኃው እስኪጠራ መታጠብ ነበረበት፤ ይህን የሚያውቁት አጎቴ ደግሞ ስቆርጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ቀዩ ለቀቀ። በረዶው ከአጋዘኑ አንገት ሥር ጀምሮ ሮዝ ሆነ። እናቴ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ከሩቅ አየችና «ለመስቀል አረዳችሁት?» ብላ ጮኸች። መስከረም 17 ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ያለፈ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

መስቀል ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ ሸማኔው ሁሉ አገሩ ገባ። የመጣ እንግዳ እናቴ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል፣ ይዳስሳል፣ «ይሄን የሸመነ እጅ ይባረክ!» ይላል። አጎቴ ጥግ ይዘው ቁርጣቸውን ይጎርሳሉ፣ ምንም አይናገሩም፣ ጆሯቸው ግን ቆሟል። እኔ ግራ ገባኝ፤ ከድመቶቼ አንዷን እንኳ የጠቀሰ የለም። ገብቼ ሳይ ብርድ ልብሱ ተገልብጧል። ገበሩ ከላይ፣ የሦስት ወር ልፋቴ ከሥር።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ፎቶ ላኩልኝ አለች። እናቴ ራሷ አንስታ ላከች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ይሄማ ጋቢ ነው። ፓነሉ የታል?»

«ከሥር ነው፤ ወደ ውስጥ አዙሬ አልብሼዋለሁ» አለች እናቴ። «ስንት ጊዜ በረዶ ላይ ቆሞ የመጣ ነው፤ ትንሽ ይሙቀው እንጂ!»