በሻንጣ የሚመጣ ጤና

ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው ሲባል ጫማና ሽቶ የሚጠብቀው ወጣቱ ነው። ለእማማ የሚመጣው ግን ጤና ነው፦ ሦስት መቶ ፍሬ፣ በአንድ ብልቃጥ። ቡፌው ላይ ከሠርግ ፎቶው ጎን ይቀመጣል።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዘጠነኛ ክፍሉ የልጅ ልጅ ይጠራል። «ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ በቀን አንድ» ብሎ ያነባል። ስሌቱ ቀላል ነው። ለሃምሳ ዓመት አንድ ከሆነ ለሰባ አምስት ዓመት አንድ ተኩል ይደርሳል፤ ኪኒኑ አልሰበር ስላለ ሁለት ይዋጣል። ቡና ላይ ጎረቤትም ለጉልበቱ አንድ አንድ ይቃመሳል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱት ጋሼም ይደርሳቸዋል። ፍሬው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ እንደሚያዳክም የሚነግራቸው የለም። ስጦታ ይመረመራል እንዴ?

«አሜሪካ ያጸደቀው ነው» ይባላል። አሜሪካ ግን አላጸደቀችውም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጓ እንዲህ ያለው ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩን ይሁንታ እንዲያገኝ አያስገድድም።

ቀጥሎ ፀሐይ በኪኒን ይመጣል፣ ለአሥራ ሦስት ወር ፀጋ አገር። (እውነቱን ለመናገር፣ ያረጀ ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ የመሥራት አቅሙ ይደክማል፤ ቤት ለሚውል አዛውንት እጥረቱ ቀልድ አይደለም።) ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 4,000 ዩኒት ነው። ለወራት በብዛት ሲታለፍ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማችና ጥማት፣ የሆድ ድርቀትና መዘባረቅ ይመጣል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ቤተሰቡ ግን ምክንያቱን አያጣውም፦ እርጅና ነው፣ ቫይታሚን ይጨመርላቸው!

የእማማ እግር ከደነዘዘ ከርሟል። የስኳር ኪኒናቸው ሜትፎርሚን ነው፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ይውጣሉ፣ ጾም አያጎድሉም። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፦ ቢ12፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኘው። የደም ምርመራ ሊያሳየው ይችላል። ግን ሦስት መቶ ፍሬ ቤት ውስጥ እያለ ማን ይመረመራል? አስቂኙ ነገር፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፎሊክ አሲድ ሲበዛ የደም ማነሱን ያስተካክልና የቢ12ን እጥረት ሊሸፍነው ይችላል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ተሄደ። «ከታዘዘልዎት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም!» አሉ እማማ። ከቦሌ በቀጥታ የመጣው ልጅም ራሱን ነቀነቀ፤ ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ተጻፈ።