ሚዛኑን አስቀምጠህ ና

«ጋሼ፣ ነጋዴ ይሾምልን! አገር የሚያለማው ንግድ የሚያውቅ ሰው ነው» አለኝ ቡታጅራ ላይ አንድ ወጣት የቆዳ ነጋዴ። ጨው የተነሰነሰበት የበሬ ቆዳ ፊቱ ተቆልሏል፤ ቢላ የበሳውን እየለየ ለብቻ ይጥላል። ማስረጃም አለው። «የፈረንሳዩ ካዲላክ ገዥም የአውሬ ቆዳ ነጋዴም ነበር። ዲትሮይትን የቆረቆረ እሱ ነው። መኪናው እንኳ በስሙ ተጠርቷል!»

ልጄ፣ ዘመኑን በፈረንጅ ልቁጠርልህ። መኪናው የወጣው በ1902 ነው፤ ሰውየው የሞተው በ1730። መኪናውን ተወውና አብረውት የነገዱትን ጠይቅ። በ1701 ዲትሮይት ላይ ምሽግ አቆመ፤ ኋላም ወታደሩም፣ ፈቃዱም፣ የቢቨር ቆዳውም እጁ ገባ። እዚያ መነገድ የፈለገ ለእሱ ይከፍላል። አቤቱታው በዛ፤ ከዲትሮይት አንስተው የሉዊዚያና ገዥ አደረጉት። ከዚያም ሻሩት፤ በ1717 ባስቲል እስር ቤት ወረደ። ምስክር ብለህ የጠራኸው ሰው ተከሳሽ ነው!

«እሱ የሩቅ አገር ነው» አለኝ።

የቅርቡን እንካ። ሌኦንስ ላጋርድ ከ1884 ጀምሮ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ባለችው ኦቦክ ላይ የፈረንሳይ ገዥ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ ደግሞ ሐረር ላይ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የገዛ የሙያ ባልደረባህ ነው። ራምቦ በ1886 ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያስገባ ታጁራ ላይ ሲራራ አዘጋጀ። በዚያ በር መሣሪያ እንዳያልፍ ተከለከለ፤ የእግዱን ወሬ ያደረሰው ላጋርድ ነው። ራምቦና ሽርካው ላባቱ ለፓሪስ ሚኒስትር አቤት አሉ፤ ለእነሱ ተፈቀደ፤ ወራቱ ግን ነጎደ። ላባቱ ታሞ ሞተ። ሲራራው ሸዋ ሲደርስ 1887 ገብቷል፤ እዚያም የዋጋ ክርክርና የሟቹ አበዳሪዎች ራምቦን ተቀበሉት። ላጋርድን ግን ምኒልክ በ1897 «የእንጦጦ መስፍን» ብለው ሾሙት።

ልብ በል፣ ላጋርድ የራምቦ ገበያ ተሻሚ አልነበረም። ተሻሚ ያልሆነ ሰው ባደረሰው አንድ እግድ ሲራራ ከቆመ፣ ተፎካካሪህ ቢሆን ኖሮስ?

«ታዲያ ጉራጌ ነጋዴው አገሩን አያልማ?»

ያልማ እንጂ! በደጅህ የሚያልፈውን መንገድ እየው። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ የከተሙ የአካባቢው ልጆች ከገጠር ዘመዳቸው ጋር ገንዘብ አዋጡ፤ የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። በመርካቶ ሱቅ የተለቀመ ሳንቲም ነው ወደ መንገድ የተቀየረው። ያን ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ኩራት ይሰማኛል። በዚያ መንገድ ያዋጣውም፣ ያላዋጣውም፣ የአዋጪው ተፎካካሪም ቆዳውን ጭኖ ሄደበት፤ ከማን ወገን ነህ ብሎ ያስቆመው የለም። ነጋዴ አገር የሚያለማው እንዲህ ነው። ለዚህ ማኅተም አያስፈልገውም።

«እሺ፣ እኔ ብሾምስ?»

ሱቅህን ትዘጋለህ?

«ለምን ብዬ? ወንድሜ ይይዘዋል።»

የመስቀል ሰሞን በየቤቱ በሬ ታርዶ፣ አንድ የወልቂጤ ነጋዴ ቆዳህን ሊሻማህ መኪና ይዞ ቢመጣ ፈቃዱን ትፈርምለታለህ?

«እፈርምለታለሁ!»

ገበያው ሳይበተን ነው ወይስ ከተበተነ በኋላ?