ለትንሹ ተጣማሪ ፓርቲ ሊቀመንበር የቀረበ ምክር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ በምርጫው ማንም ለብቻው አላሸነፈም፤ ትልቁ ፓርቲም ደጅ እየጠናዎት ነው። እንኳን ደስ ያለዎት! በጀት መቁረጥ የፈለገ መንግሥት ያለ እርስዎ ድምፅ አይቆምም። እንግዲህ ከትልቅ ፓርቲ ጋር የተጣመሩትን የብሪታንያን ሊበራል ዴሞክራቶች አርአያ አድርገው ይነሡ።

መጀመሪያ ቃል ይግቡ፤ ሲገቡም በፊርማ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2010 መሪያቸው ኒክ ክሌግና ባልደረቦቹ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንቃወማለን ብለው ፈርመው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ፎቶ ተነሡ። እርስዎም ሲነሡ ፈገግ ይበሉ፤ ፎቶው በኋላ በየጋዜጣው ስለሚወጣ ቢያምር ይመረጣል። ትልቁ ፓርቲ ቫት ሊጨምርባችሁ ነው የሚል ፖስተርም ያሠሩ። ሥልጣን ሲይዙ ቫቱን ከ17.5 ወደ 20 በመቶ አብረው ከፍ ያድርጉት።

ዋናው ጥበብ ግን ወንበር መምረጥ ላይ ነው። የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ለትልቁ ይተዉለት። እርስዎ ከየመሥሪያ ቤቱ ጋር እየተሟገተ በጀት የሚቆርጠውን ወንበር ይውሰዱ፤ ሊበራል ዴሞክራቱ ዳኒ አሌክሳንደር የተቀመጠው እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ክፍያውን እስከ 9,000 ፓውንድ የሚያደርሰውን ሐሳብ ለፓርላማ ያቀረበውም የራሳቸው ሰው፣ ቪንስ ኬብል ነበር። ድምፅ ሲሰጥ የፓርቲው 57 እንደራሴዎች ለሦስት ተከፈሉ፦ 28 ደገፉ፣ 21 ተቃወሙ፣ 8 ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። እንዲህ ከሆነ ሳይቀየም የሚቀር መራጭ አይኖርም።

በምላሹ አንድ ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቁ። ክሌግ የምርጫ ሥርዓቱ እንዲለወጥ ሕዝበ ውሳኔ ጠይቆ ተፈቀደለት፤ በ2011 ትልቁ ፓርቲ ራሱ ተቃውሞ ቀሰቀሰበትና 68 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ አይሆንም አለ። እውነቱን ለመናገር ያገኙትም ነገር አለ፤ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ10,000 ፓውንድ በላይ አድርሰውታል። ስለዚህኛው ድል ማውራት ግን የእርስዎ ድካም አይደለም፤ ትልቁ ፓርቲ በራሱ ስም ያወራልዎታል።

ይቅርታ መጠየቅም አይርሱ፤ ቃሉን ስላፈረሱ ሳይሆን ስለገቡ። ክሌግ በ2012 እንዲሁ ቢያደርግ ሰዎች ንግግሩን በዜማ አቀናብረው አዘፈኑት። በመጨረሻም ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው እኛ እኮ የተለየን ነን ይበሉ፤ አሌክሳንደር በመጋቢት 2015 የራሱን አማራጭ በጀት በቢጫ ሻንጣ ይዞ ወጥቷል።

በግንቦቱ ምርጫ 57ቱ ወንበር 8 ሆነ፤ አንድ ሚኒባስ ታክሲ እንኳ አይሞላም። ኬብልና አሌክሳንደርም ወንበራቸውን አጡ፤ ትልቁ ፓርቲ ለብቻው መንግሥት መሠረተ። ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ የሚቀጥለው የጥምረት ድርድር አያስጨንቅዎ፤ የሚጠራዎት የለም።